የነጣው ውሃ

ጥቅምት 14

ለአነፍናፊዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ አርፎ የማያውቀው አፍንጫሽ እንዴት ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን አብሮኝ ስለኖረ አመሉን አውቀዋለሁ። የረገጥሽው ይለምልም። ክፉሽን አያሰማኝ።

እዚህ ሰው አገር የምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ አሁንም ምድር ቤት ነው፤ አሁንም መስኮት የለውም። አዲስ ማሽን አስገብተውልናል። አንሶላውን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ይጨምቃል፣ ሲጨርስ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ለእኛ ለሴቶቹ የቀረልን ሥራ እሱን ማባበል ነው።

ሴቶቹ ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። የእናትሽ የአክስት ልጅ እንጂ እናትሽ አለመሆኔን አልነገርኳቸውም፤ ምን ይጠቅማቸዋል? አንቺንና ልጄን በአንድ ምንጣፍ ነው ያስተኛኋችሁ። "ሴቷ ልጄ ውሃ ላይ የምትሠራ ኢንጂነር ናት" እላቸዋለሁ። የምን ውሃ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልዘረዘርኩም።

ወንድምሽ ማቅለሚያ ቤቱን አስፍቷል። ያው ቄንጠኛ ነው፤ ጨርቅ ቀለም ከሚነከርበት በርሜል አጠገብ ነጭ ጫማ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ልኮልኛል። ግን የፋብሪካው ፍሳሽ ወደ አንቺ ማጣሪያ ጣቢያ እንደሚሄድና አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ እየመጣ አላስቀምጥ እንዳለሽ ሲነግረኝ ደስታዬ ጎደለ። የቤቴ ጉድፍ አንቺን በባልደረቦችሽ ፊት አንገት አያስደፋሽም። አንድ ዘዴ ነግሬዋለሁ። ከእንግዲህ ቀለም የሚባል ነገር ከበራችን አይወጣም። ታያለሽ።

ምን እንደምትሠሪ ግን በደንብ ጻፊልኝ። አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም።

እቴቴሽ

ኅዳር 9

ለውዷ እቴቴ፣

ሰላምታዬ ከወገብሽ ይጀምርና እስከ ራስሽ ይውጣ። እኛ ደህና ነን። እኛ ስል እኔ ማለቴ ነው።

ደብዳቤሽን ከመክፈቴ በፊት አሸተትኩት። ታውቂኛለሽ። የማውቀው ነገር ሸተተኝ፤ ስሙን ልይዘው ስል አመለጠኝ።

ውሃ አይደለም፣ እቴቴ። ፍሳሽ ነው። ለሴቶቹ እንደዚያው ንገሪያቸው። ከተማው መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ የሚሠራውን ሁሉ እኔ በሩን ከፍቼ እቀበላለሁ። አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። የሚያፍሩት ሌሎች ናቸው፤ ራሳቸው የላኩት ስለሆነ ነው።

ልብ በይ። ፍሳሹ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል፤ ጨርቁ፣ ላስቲኩ፣ አንዳንዴም የሰው ጥርስ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ወደ ትልቁ ገንዳ ይገባል። ከሥር አየር እንነፋበታለን፣ ቡናማ ሆኖ ይፍለቀለቃል። ቡናማው ጭቃ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ከተማው የጣለውን ይበላሉ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የጠራው ወደ ወንዙ ይሄዳል። የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። እኔ ሞግዚት ነኝ። አየራቸው እንዳያንስ፣ ምግባቸው እንዳይበዛ እጠብቃለሁ። ጤነኛ ሲሆኑ ገንዳው ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ? ዝናብ የነካው አፈር። አታምኚኝም። ማንም አያምነኝም።

ከማቅለሚያ ቤቱ የሚመጣው በእርግጥ ነጥቷል። ወንድሜን አመስግኚልኝ፤ ምን ዘዴ እንደሆነ ብጠይቀው "የቤተሰብ ምስጢር ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

የማይክሮስኮፔ አምፖል ተቃጥሏል። እዚህ አይገኝም። ቁጥሩን ከታች ጽፌልሻለሁ፤ ብታገኚልኝ። አሁን ፍጥረታቱን የማያቸው መስኮት አጠገብ ሄጄ ነው፤ ደመና ሲሆን አላያቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ገንዳው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከፍ ብሏል። ሥራ አስኪያጃችን ደስ ብሎታል። "ሰው ሲሞላለት ያዝናል እንዴ?" አለኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። አየር የሚተርፈው የሚተነፍሰው ሲያንስ ነው። ምናልባት መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል። ምናልባት እኔ።

የአፈሩ ሽታ ቀንሷል። ወይም ጉንፋን ይዞኛል።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 20

ለአነፍናፊዬ፣

ጉንፋኑ ለጠላትሽ። አንገትሽን ሸፍኚ፤ ሁልጊዜ አንገትሽን ከፍተሽ ነው የምትሄጂው። ጤናሽ እንደ ብረት ይሁን፣ ስምሽ ከፍ ብሎ ይጠራ።

የጻፍሽውን አነበብኩት። የጥርሱ ነገር አሳቀኝ። ለሴቶቹ ግን አልነገርኳቸውም፤ ምሳ ላይ ነበርን።

አምፖሉን እጠይቃለሁ። ሰማሽ፣ እኔ የምሥራች አለኝ። ልመጣ ነው። ጠቅልዬ። ወንድምሽ በማቅለሚያ ቤቱ ግቢ፣ በታችኛው ጥግ በኩል፣ የክፍሌን መሠረት አስቆፍሯል። አንድ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ግን ትልቅ ነው። መስኮት እንጂ ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። ዕድሜዬን ምድር ቤት ስጨርስ አንድ መስኮት በዛብኝ?

ለማቅለሚያ ቤቱ ፈቃድ እድሳት ከጣቢያችሁ ወረቀት ያስፈልገዋል አሉ። ፍሳሹ ችግር እንደሌለበት የሚያስረዳ። የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ አለኝ። አየሽ የፈጣሪን ሥራ? ሰው ለፊርማ ደጅ ይጠናል፣ የእኛ ፊርማ እቤታችን አድጋለች።

ቶሎ ፈርሚለትና ልምጣ።

እቴቴሽ

ጥር 15

ለውዷ እቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ለመምጣትሽ ደስታዬን ልጽፍ ነበር ይህን ወረቀት ያነሳሁት። ከፊት ልጻፈው፣ ከኋላ? ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ገንዳው ሞቷል።

ቀስ ብሎ ነው የሞተው፤ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ። ከዚያ የሚይዘው አጥቶ ተበታተነ። መስኮት አጠገብ ሄጄ በማይክሮስኮፑ ሳየው የሚንቀሳቀስ የለም። ቅርጻቸው አለ፤ እነሱ የሉም። ሰው ጥሎት የሄደ ልብስ ይመስላል። ከመውጫችን በታች ወንዝ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች በባልዲ ቀድተው አጥሩ ድረስ መጡ። አሸተትኩት። እንደገባ ነው የወጣው። ልጆቻቸው የሚዋኙበት ነው። "ምን እያደረጋችሁ ነው?" አሉኝ።

ስለዚህ ምንጩን ፍለጋ መስመሩን ወደ ላይ ተከተልነው። እኔና ቱቦ። ኦፕሬተራችን ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው ቱቦ የምንለው፣ እሱም ስሙን ረስቶታል። ማንሆል እየከፈትን፣ ጎንበስ እያልኩ አሸታለሁ። ቱቦ "ኢንጂነር፣ ሰው ሽቶ ሱቅ እንዲህ አይገባም" ይለኛል። ቆዳ ፋብሪካው ደህና። የሳሙናው ደህና። በመጨረሻ የማቅለሚያ ቤታችሁ በር ላይ ያለውን ከፈትን።

አንቺ ሸተትሽኝ።

ሌላ እንዴት ብዬ እጽፈዋለሁ? ከሰው ቤት ልብስ አጥበሽ ስትመጪ ፊቴን በሁለት እጅሽ ትይዥው ነበር። የእጅሽ ሽታ። ለብዙ ጊዜ እናት እንደዚያ የምትሸት ይመስለኝ ነበር። ማንሆሉ አጠገብ ተንበርክኬ ቆየሁ። ቱቦ ያዞረኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣልኝ ሄደ።

በረኪና።

ገባሁ። ልጅሽ ነጭ ጫማውን አድርጎ ቆሟል። ቀለም የተረፈበት ውሃ ላይ በበርሜል በረኪና ይደፉበታል፤ ቀዩ ይነጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ይለቀቃል። ማን ነገረህ አልኩት። "እማዬ ናታ። 'ነጭ ከሆነ ንጹህ ነው፤ እህትህን አታሳፍራት' አለችኝ" አለ። እየኮራ ነበር፣ እቴቴ። አስተዋይ ልጅ ነኝ ብሎ።

ያ የጠራ ውሃ ነው የገደላቸው። ቀለሙን ይችሉት ነበር። ቀለሙ ዓይን ነው የሚያስቀይመው፤ በረኪናው ግን ሕይወት ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። አቁም አልኩት። ትእዛዝ በዝቶብኛል፣ እንየው አለኝ።

ወረቀቱን አልፈርምም። አቁም በይው። አንቺን ይሰማል። ሌላ የምለምንሽ የለም፤ አምፖሉም ይቅር።

ልጅሽ

የካቲት 28

ለተከበሩ ኢንጂነር፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራዎ እንዴት ነው? ትሎችዎስ?

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቶሎ ያልመለስኩት እጄ ስለማይታዘዝልኝ ነው። ጣቶቼ ሲሰነጣጠቁ ብዕር አይዙም። ከምን እንደተሰነጣጠቁ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ አሽተው አግኝተውታል።

በረኪና ሕይወት ያለውን ሁሉ ያቃጥላል ብለዋል። እኔ በበረኪና ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። አንዳቸውም አልተቃጠሉም። አንዷ እንዲያውም ተምራ ሰው ሆናለች፤ የሰው ልብስ ሲነጣ ነው የእሷ ደብተር የተገዛው።

ለልጄ ያን ዘዴ የነገርኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። አንገትዎን እንዳይደፉ። አሁን ወንጀለኛዋ እኔ ሆንኩ።

ውለታ አልቆጥርም። ቆጥሬም አላውቅም። አያስቆጥሩኝ።

መፈረም ካልፈለጉ አይፈርሙ። ዝም ይበሉ። አላየሁም ማለት ምን ያስቸግራል? እኔ ያላየሁ መስዬ ነው እዚህ የደረስኩት፤ እርስዎንም ያደረስኩት። ከዘመድ ትል የሚያስበልጥ ሰው በእኛ ቤት አላሳደግኩም።

የክፍሌ ግድግዳ ሊጀመር ነው ብሎኛል ልጄ።

አምፖሉን አላገኘሁም።

መጋቢት 6

እቴቴ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። መጀመሪያ ይህን ልበል፦ ዘግቼዋለሁ።

እንዴት እንደሆነ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። የገንዳው ሞት "ምክንያቱ አልታወቀም" ይላል። "ለአንቺ ብዬ ነው፤ ዘመድ ናቸው አሉ" አለኝ። ወንበር ሳበልኝ።

ሁሉም ለእኔ ብሎ ነው። እሱ ለእኔ ብሎ፣ ልጅሽ ለእኔ ብሎ፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ። ለእኔ ተብሎ የተደረገው ሁሉ ያ ግራጫ ገንዳ ውስጥ ነው።

"ምክንያቱ ይታወቃል፤ የኢንጂነሯ ቤተሰብ ነው ብለህ ጻፍ" አልኩት።

ከማቅለሚያ ቤቱ የሚመጣውን መስመር በር የመዝጋት ሥልጣን የእኔ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ መዘውሩ ዝጎ ነበር። እኔና ቱቦ ተንጠልጥለንበት ነው የዞረው። ሲገጥም ድምፅ አለው። አሁንም እሰማዋለሁ፤ ሳህን ሳጥብ፣ ጫማዬን ሳስር።

ማቅለሚያ ቤቱ ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። ከኋላ ሆኜ አልዘጋሁባችሁም። ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ግቢውን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ፊት የሚያሳይ። የልጅሽ ጫማ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው ነበር። አንዷ "ጉሮሯችንን ዘጋሽው" አለችኝ። እጆቿን አየኋቸው። እንዳንቺ እጅ ናቸው። ትክክል ናት፤ እኔም ትክክል ነኝ። ሁለቱ እውነቶች አንድ ግቢ ውስጥ ቆሙ።

ልጅሽ "እማዬ ላይ ነው የዘጋሽው" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "እሷ ላይ፣ አንተ ላይ፣ እኔም ላይ።"

አሁን ስለሚከፈትበት መንገድ። በረኪናው ይቀራል። ቀለሙ ቀለም ሆኖ ይምጣ፤ ቀለም እናውቃለን፤ የማናውቀው የተደበቀውን ነው። ግን አንድ ጊዜ ተደፍቶ እንዳያጥለቀልቀን ግቢው ውስጥ ማቆያ ገንዳ ይቆፈር፤ እዚያ ይረፍ፣ ይዝቀጥ፣ በቀስታ ይለቀቅ። ንድፉን ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ። ማታ ማታ ሳይሆን በሥራ ሰዓት፣ በጣቢያው ወረቀት፣ ሁሉ እያየ ነው የሠራሁት።

ቦታው ታችኛው ጥግ ነው። የክፍልሽ መሠረት ያለበት።

ሌላ ቦታ ፈለግኩ፣ እቴቴ። በገመድ ለካሁ፣ እንደገና ለካሁ፣ ቱቦንም አስለካሁት። መሬቱ ወደዚያ ነው የሚያዘቀዝቀው። ውሃ ውለታ አያውቅም፤ ወደ ዝቅታው ይሄዳል።

ዝም በይ ብለሽኛል። ዝም አልልም። አላየሁም በይ ብለሽኛል። አይቻለሁ። ያሳደግሽው ልጅ ጠፍታብሽ እንደሆነ፣ አልጠፋችም፤ ይህችው ናት። ጎረቤቱ ልብሱን ያጠብሽበትን ገንዘብ ሲከለክልሽ በሩ ላይ ቆመሽ "ሰምታችኋል ሁላችሁም" ብለሽ የጮኽሽ ቀን ቀሚስሽን ይዤ ነበር። ዝምታን አላስተማርሽኝም። አሁን ከየት አመጣለሁ?

ከሌላ ከተማ ጣቢያ ሕያው ዝቃጭ በቦቴ አስመጥተናል፤ እንደ እርሾ ነው፣ ከተስማማው ይነሳል። እስካሁን አልተነሳም።

ሰላምታው ይኸውና። ጣቶችሽ እንዴት ናቸው? ቅባት ተቀቢባቸው። ጤናሽን ይስጥሽ። ስትጽፊልኝ ደግሞ "አንቺ" ብለሽ ጻፊልኝ። ካልሆነ አትጻፊልኝ።

ልጅሽ

ሰኔ 2

አነፍናፊ፣

አለሁ። እንዳለሽም ሰምቻለሁ።

ተናድጄብሻለሁ። ይህን የምጽፈው ስላለፈልኝ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤሽን ሴቶቹ እንዳያዩት አንሶላ መሃል አጥፌ አስቀምጬው ተሳስቼ ወደ ማሽኑ ልከተው ነበር። ብከተው ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

የሆቴላችን ውሃ የት እንደሚሄድ የጥገናውን ሰውዬ ጠየቅኩት። "ወደ ታች" አለኝ። ዕድሜ ልኬን እዚህ ስሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበርና እልህ ያዘኝ። ጠያይቄ በአውቶቡስ ሄድኩ። አጥር ነው፤ ዘበኛ አለው። ምን ፈልገሽ ነው አለኝ። ልጄ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምትሠራው፣ ላየው ነው አልኩት። "ጎብኚ ክልክል ነው፤ ሽታው ግን በነፃ ነው" አለኝ።

ቆምኩ። አሸተትኩ። ዝናብ የነካው አፈር ነው።

በዚህ እውነትሽን ነው። ያመንኩልሽ ይህን ብቻ ነው።

ይቅርታ አልልሽም፤ አንቺም አትበይኝ። በረኪና አሳድጎሻል፤ ይህ በምንም ታጥቦ አይለቅም። ግን አጥሩን ይዤ ሳለሁ የሆቴሉ አንሶላ ሁሉ፣ እኔ ያነጣሁት ሁሉ፣ እዚያ የገባ መሰለኝ። እዚያም እንዳንቺ ያለች አንዷ ጎንበስ ብላ የምታሸት መሰለኝ። እኔን የምትረግም።

ለልጄ ደወልኩለት። ቆፍር አልኩት። መሠረቱን አፍርሰህ ቆፍር። አውቀዋለሁ፣ ሲከፋው ጫማውን ነው የሚያየው። የፈቀድኩት ስላሸነፍሽኝ አይደለም። መሬቱ የእኔ ነው፤ ጉድጓድ ባስቆፍርበትም የማዝበት እኔ ነኝ።

መምጣቱ ለጊዜው ቀርቷል። የት ልግባ? ማሽኑን እያባበልኩ እቆያለሁ።

አምፖሉን ልኬልሻለሁ። በጥንቃቄ ክፈቺው፤ ካልሲ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሴቶቹም አብረውኝ ነበሩ። ልጄ ፍሳሽ ላይ ነው የምትሠራው አልኩት። ውሃ አላልኩም።

እቴቴ

ሰኔ 21

ለውዷ እቴቴ፣

ጣቶችሽ ይዳኑልሽ፣ ወገብሽ ይቅናልሽ፣ ቁጣሽም አይጉደልብሽ፤ ያለ ቁጣ አላውቅሽም።

አምፖሉ በራ። ካልሲውን አድርጌዋለሁ። ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስጄ አየሁ፤ አሁን ደመናም ቢሆን አያለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም። ከዚያ ጠርዙ ላይ አንዲት ፍጥረት፣ በቀጭን ግንድ ተተክላ፣ አፏን ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች። ቱቦን ጠራሁት። "ምን ትላለች?" አለኝ። ትበላለች አልኩት።

አፈሩ ገና አልሸተተኝም። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዝም የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ማቅለሚያ ቤቱ ሄጄ ነበር። ግማሹ ተቆፍሯል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው የሚቆፍሩት፤ ያቺ ሴት አካፋዋን ተደግፋ አየችኝ፣ አልሰደበችኝም፣ ሰላምም አላለችኝም። ልጅሽ ቦት ጫማ አድርጓል። አያምርበትም። "እማዬ ፈቅዳለች፤ አሁን ክፈችው፣ የቀረውን እየሠራን እንጨርሳለን" አለኝ። እማዬ መሬቷን ነው የፈቀደችው፣ በሩ የእሷ አይደለም አልኩት። ስምሽን ጠርቶ ለመነኝ።

ክፍልሽ የነበረበትን ቆሜ አየሁት። መስኮቱ ሊሆን የነበረው በየት በኩል እንደሆነ ገምቼ፣ በዚያ በኩል አየሁ። አጥሩ ይታያል፣ ከአጥሩ ወዲያ ዛፍ።

ጉድጓዱ ሲያልቅ መጥቼ ራሴ አሸተዋለሁ። እስከዚያ በሩ ዝግ ነው።

ልጅሽ፣ አነፍናፊ